ሰይጣን አሳስቶን አይደለም

በዚህች ከተማ ያለ ጠበቃ የሚፈረድበት አንድ ተከሳሽ አለ፤ ሰይጣን ይባላል። ሚስቱን የደበደበ ባል ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይላል። ካዝና ያጎደለ ገንዘብ ያዥም እንዲሁ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ «አይ ሰይጣን!» ይሉና በቀጥታ ወደ ዕርቁ ይገባሉ። ሰይጣን መልስ አይሰጥም፣ ይግባኝ አይጠይቅም፣ ካሳ ክፈል ቢባልም አይከፍልም። ከዚህ የበለጠ ምቹ ተከሳሽ ከየት ይገኛል?

ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ጨዋታ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለሚጫወቱት፣ ግዙፍ ሮቦቶች፣ ጦርነትና መናፍስት ስላሉበት ጨዋታ። «ሥራ ፈቶች!» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። ይበለን። ጉዳዩን የምር የያዝነው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ያችኑ የባልየውን ዓረፍተ ነገር ወስደው የጨዋታ ሕግ ያደርጓታል። ጦርነቱን ሰው ይጀምረዋል፣ ሰው ይዋጋዋል፣ ሰው ያዝበታል፤ መንደሩ ሲቃጠል ግን የሚከሰሰው ጋኔኑ ነው። ጸባችን ከዚህ ጋር ነው።

ለማያውቁት

ሮል ፕሌይንግ የሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ስክሪን የለውም፤ ብዙ ጊዜ ሰሌዳም የለውም። አራት አምስት ሰው ወረቀት፣ እርሳስና የሉዶውን ዓይነት ዳይስ ይዞ ይቀመጣል። አንዱ የጨዋታ መሪ ይሆናል፤ ዓለሙን የሚተርከው እሱ ነው፤ ጠላቱም፣ መንገደኛውም፣ ዝናቡም እሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይይዛሉ። መሪው «ምን ታደርጋለህ?» ይላል፤ ተጫዋቹ ይናገራል፤ ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። የአያት ተረትና የዕቁብ ዕጣ ተጋብተው የወለዱት ልጅ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

የዘርፉ አባት የሆነው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርንሰን ተሠርቶ በ1974 ወጣ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ ሺህ ቅርንጫፍ አውጥቷል። የመርማሪ አለ፣ የፍቅር አለ፣ የጠፈር አለ። እኛ አራት ጓደኛሞች ሆነን የጀመርነው ሦስት ነገር ያጣምራል፤ ሜካ፣ ጦርነትና አስፈሪ መንፈስ። ሜካ ማለት ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳው፣ እጅና እግር ያለው ግዙፍ የጦር ማሽን ነው።

ወሬው ገና ሲሰማ ምክር ዘነበብን። አብዛኛው ምክር ደግሞ በአንድ ቅርጽ የተጋገረ ነው፤ «ማሽኑ ውስጥ ጋኔን ይግባ። ጋኔኑ ፓይለቱን ይቆጣጠረው። ፓይለቱ ሲነቃ ከተማው ወድሟል። አያስፈራም?» ያስፈራል። ፊልም ቢሆን ፈንዲሻው ከእጃችን ይወድቅ ነበር። ግን ውሸት ነው። ውሸትነቱ ጋኔን ስላለበት አይደለም፤ ተረት ውስጥ ጋኔን ቢኖር ማን ይጠላል? ውሸት የሚሆነው ከተማው በወደመበት ሰዓት ማንም ሰው እዚያ ስላልነበረ ነው። ገዳይ የሌለው ግድያ፣ አዛዥ የሌለው ጦርነት! እንዲህ ያለውን ጦርነት በታሪክ መጽሐፍ ፈልጉትና ካገኛችሁት አሳዩን።

ሕግ ነው የሚናገረው

«ጨዋታ እኮ ነው!» ለሚሉን መልሳችን፣ ጨዋታ አፍ አለው የሚል ነው። አፉ ደግሞ ሕጉ ነው።

ራቅ ከማለታችን በፊት የቤታችንን እንይ። የድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ዛሬ ከምናውቀው ቼዝ የሚለይባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ተጫዋቾች እየተያዩ፣ እኩል፣ እንዳሻቸው ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጀምረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ሁለተኛ፣ ንጉሡን መግደል ብቻውን አይበቃም፤ በምን እንደገደልከው ይታያል። በኃይለኞቹ ጠጠሮች የገደለ ብዙም አይመሰገንም፤ በደካሞቹ የገደለ ነው የሚጨበጨብለት። ማንም ተነሥቶ ስለ ጦርነት ንግግር አላደረገም። ሕጉ ግን ተናግሯል። ጦርነት ተራ ጠብቆ እንደማይጀምር ተናግሯል። አሸናፊም «እንዴት አሸነፍክ?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ተናግሯል።

አሁን የሮል ፕሌይን የዘር ሐረግ እንቁጠር። በ1824 ጆርጅ ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን አባቱ የጀመረውን ጨዋታ አሻሽሎ «ክሪግሽፒል» የተባለውን አወጣ፤ ትርጉሙም የጦርነት ጨዋታ ማለት ነው። ካርታ፣ ዳይስና ዳኛ ያለው ነበር። ኤታማዦር ሹሙ ፎን ሙፍሊንግ ወደዱት፤ ሠራዊቱም ተቀበለው። መኮንን ማሠልጠኛ ስለነበር ዓይኑ ወታደሩ ላይ ነው፤ መንደር ማለት ከለላ ወይም መሰናክል ነው። በ1913 እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደሮች የሚካሄድ ጦርነት ሕግ ጽፎ «ሊትል ዎርስ» ብሎ አሳተመ። ዌልስ ከእውነተኛው ጦርነት የአሻንጉሊቱ ይሻላል ብሎ የሚከራከር ሰው ነበር። በማግስቱ ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በ1971 ጋይጋክስ ከጄፍ ፔረን ጋር «ቼይንሜይል» የተባለውን የመካከለኛው ዘመን የጦር ጨዋታ አወጣ፤ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የበቀለው ከዚህ አፈር ላይ ነው።

ስለዚህ ይህ የምንወደው ጨዋታ ዘሩ ወታደር ነው። ወታደር በመሆኑ አናፍርበትም። ግን የወረሰውን እንወቅ። የሰይፉ ጉዳት በዝርዝር ተጽፎ ይመጣል፤ የመድፉ ርቀት በሠንጠረዥ ተደርጎ ይመጣል። መንደሩ የሚመጣው ግን በአንድ መስመር ገለጻ ነው። መግቢያው ላይ «ጦርነት አስከፊ ነው» ብሎ የጻፈ ጨዋታ፣ ውስጡ ስትገቡ ነጥብ የሚሰጠው ለገደለ ብቻ ከሆነ፣ መግቢያው ማስታወቂያ ነው፤ የሚሸጠው ዕቃ ሌላ ነው።

ለምን ሜካ?

«ታዲያ ጦርነት ከጠላችሁ ለምን ሮቦት?» ትሉን ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

አማርኛ ድሮንን «ሰው አልባ አውሮፕላን» ይለዋል። ቃሉን ቀስ ብላችሁ ስሙት። ሰው አልባ። ከ2020 እስከ 2022 በሀገራችን ሰሜን በተካሄደው ጦርነት ይህ ቃል ከዜና ወጥቶ የቡና ላይ ወሬያችን ውስጥ ገባ። ቃሉ የሚያምር ያህል ያታልላል። ሰው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ከአውሮፕላኑ ወርዶ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ከበላዩ ያዘዘው አለ፤ ከዚያም በላይ የፈቀደ አለ። «ሰው አልባ» የሚለው ቃል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከክፍሉ ያስወጣቸዋል።

ሜካ የዚህ ተቃራኒ ነው። የቱንም ያህል ግዙፍ ይሁን ደረቱ ላይ በር አለው፤ በሩ ሲከፈት ሰው ይወጣል። ላቡ የተንጠፈጠፈ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ እናት ያለው ሰው። ሜካን የምንወደው ለዚህ ነው። «ማሽኑ ነው የገደለው» ለማለት የማይመች ማሽን ነውና።

የሜካን ታሪክ በደንብ የሠሩትም ይህን ያውቁ ነበር። በ1979 በጃፓን ቴሌቪዥን የቀረበው የዮሺዩኪ ቶሚኖ «ሞባይል ሱት ጋንዳም» ገና በመክፈቻው ትረካ በጦርነቱ የመጀመሪያ ወር አካባቢ ግማሹ የሰው ልጅ እንዳለቀ ይነግረናል። ዋናው ፓይለት አሙሮ የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ማሽኑ ላይ የወጣው ጦርነቱ ሰፈሩ ድረስ መጥቶበት ነው። ጠላቶቹ ጭራቅ አይደሉም፤ ስም ያላቸው፣ ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ፕሮግራሙ በስፖንሰርነት የተያዘው አሻንጉሊት ለመሸጥ ነበር፤ ተመልካች አነሰ ተብሎም ከታሰበው 52 ክፍል ወደ 43 ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ነው የባንዳይ የሚገጣጠሙ ሞዴሎች እንደ ጉድ የተሸጡት። ጸረ ጦርነት ታሪክ የጦር መሣሪያ አሻንጉሊት ሲሸጥ! ይህ ግጭት ዛሬም በዘርፉ ሆድ ውስጥ አለ። ማሽኑ በጣም ያምራል። እኛም ያምረናል፤ አንዋሽም። ስለዚህም ነው ውበቱን የሚይዘው ሕግ ጥብቅ መሆን ያለበት።

በ1995 የጀመረው የሂዴያኪ አኖ «ኢቫንጄሊየን» ደግሞ የእኛን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ያመጣል። ማሽኖቹ ሥጋ አላቸው፤ ጠላቶቹ «መላእክት» የሚባሉ ከሰው መረዳት በላይ የሆኑ ፍጡራን ናቸው፤ ፓይለቶቹ የ14 ዓመት ልጆች ናቸው። 18ኛው ክፍል ላይ አንዱ ማሽን በመልአክ ይያዛል፤ ውስጡ ግን ልጅ አለ። ሺንጂ «ሰው አለበት» ብሎ አልዋጋም ይላል። ያን ጊዜ አዛዡ፣ የገዛ አባቱ፣ የልጁ ማሽን ያለ ልጁ ፈቃድ እንዲዋጋ ያዝዛል። ማሽኑም ያንን ሌላውን ቆራርጦ፣ ልጁ ያለበትን ክፍል ጨፍልቆ ያበቃል። ሺንጂ ውስጥ ሆኖ እየጮኸ ያያል።

ልብ በሉ። መልአክ አለ፤ ማሽን አለ፤ መናፍስታዊ ነገር ሞልቷል። የሚያስፈራው ግን ሰውየው መነጽሩን እንዳደረገ ተቀምጦ የሰጠው ትእዛዝ ነው። ጭራቁ ሰበብ አልሆነለትም። እኛም የምንለው ይኸው ነው።

ፍርሃት ለማን ይሠራል?

የአስፈሪ ሮል ፕሌይ ትልቁ ስም የሳንዲ ፒተርሰን «ኮል ኦፍ ክቱልሁ» ነው፤ በ1981 ወጣ። ዓለሙ ከአሜሪካዊው ደራሲ ኤች ፒ ላቭክራፍት የተወሰደ ነው። ጨዋታው ያመጣው ብልህ ነገር የአእምሮ ጤና ነጥብ ነው። ገጸ ባሕሪው ማየት የሌለበትን ሲያይ ነጥቡ ይቀንሳል፤ ሲያልቅ ያብዳል። ባወቅህ ቁጥር ትሰበራለህ። ለመርማሪ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ሕግ ማግኘት ይከብዳል።

ይህንኑ ሕግ እንዳለ ወደ ጦርነት ስታመጡት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፓይለቱ ገበያ ላይ ተኮሰ እንበል። ነጥቡ ቀነሰ። አዘንለት! በሕጉ ዓይን የተጎዳው እሱ ነው። የገበያው ሰው ነጥብ የለውም፤ ወረቀትም የለውም። ያደረገው ነገር የደረሰበት ነገር ሆኖ ተመዘገበ። ሰይጣን አሳሳተው፣ ነጥብም ጎደለው፣ አይዞህ ተባለ።

በ2007 የወጣው «ክቱልሁቴክ» ሜካን፣ ጦርነትንና የላቭክራፍትን ዓለም በአንድ መጽሐፍ ያጣመረ ነው፤ ታሪኩን በ2085 ያስቀምጠዋል። ምናቡ ሰፊ ነው፤ አንክድም። ግን መሠረቱ የሰው ልጅ ከማይነጋገሩት ጠላት ጋር ለህልውናው መዋጋቱ ነው። ሊጠፋ የተቃረበ ወገን ደግሞ የሚያደርገው ሁሉ ይፈቀድለታል። በዓለም ላይ ጦርነት ያወጀ ሁሉ «ህልውናችን አደጋ ላይ ነው» ያላለ ማን አለ? ጨዋታው ያንን ንግግር እውነት አድርጎ ከጀመረ፣ ተጫዋቹ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅበት በር ተዘግቷል።

ከሁሉም የተሻለ መንገድ ያሳየን የግሬግ ስቶልዚና የጆን ታይንስ «አንኖውን አርሚስ» ነው፤ በ1998 የወጣ። የአእምሮ ጉዳትን በአምስት መለኪያ ከፍሎታል፤ ዓመፅ፣ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ነገር፣ አቅመ ቢስነት፣ ብቸኝነትና የራስ ማንነት። ጭራቅ አይቶ መደንገጥና ሰው ገድሎ መደንገጥ አንድ አይደሉም ማለቱ ነው። ከዚያም እያንዳንዱ መለኪያ ሁለት ጎን አለው፤ በአንዱ ትሰበራለህ፣ በሌላው ትደነድናለህ። መደንደን! ይህችን ነው የፈለግናት። ጦርነት ከሚያሳብዳቸው ጎን ለጎን የሚያለምዳቸውም አሉ፤ የለመደው ሰው ደግሞ ካበደው ይልቅ ያስፈራል።

ቡዳና ቀጥቃጭ

«የእኛ ባህል በመናፍስት የተሞላ ነው፤ ለምን አትጠቀሙበትም?» የሚለን አለ። እንጠቀማለን። ግን ታሪኩን ሳንረሳ።

በዚህ ሀገር ብረት ይሠራ የነበረው ማን ነው? ቀጥቃጩ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሠራው እሱ ነው። ስሙ ምን ተባለ? ቡዳ። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ሸክላ ሠሪዋም፣ ሸማኔውም፣ ቤተ እስራኤሎችም በዚሁ ስም ተጠሩ። ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው ወደ እነሱ ነበር። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል።

ላቭክራፍትም ከዚህ አይርቅም። በ1925 በጻፈው «ዘ ሆረር አት ሬድ ሁክ» ክፉው አምልኮ የተገኘው በብሩክሊን ስደተኞች ሰፈር ነው። ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ የእኛ ልጆች፣ በሱ ታሪክ ውስጥ የትኛውን ገጸ ባሕሪ እንደምትሆኑ መገመት አያቅታችሁም።

እንግዲህ ጋኔን ሁለት አገልግሎት አለው ማለት ነው። ከላይ ያለውን ሰው ጥፋት ያነሣለታል፤ ከታች ያለውን ሰው ጥፋት ያሸክመዋል። አዛዡ «አሳስቶኝ ነው» ይላል፤ ቀጥቃጩ «አንተ ነህ ያሳሳትከው» ይባላል። አስፈሪ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ጋኔኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ይህን ሁሉ አብሮ እያስቀመጠ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ምን እያደረግን ነው?

ነቀፌታ ቀላል ነው፤ «እናንተስ?» መባላችን ስለማይቀር ሕጋችንን እናውጣ። ሀገሩ ምናባዊ ነው። ማሽኖቹ ነዳጅና መካኒክ ይፈልጋሉ። በ1984 «ባትልድሮይድስ» ተብሎ ወጥቶ በኋላ «ባትልቴክ» ከተባለው ጨዋታ የተማርነው ማሽን ሲተኩስ እንደሚግል፣ ከመጠን በላይ ሲግልም እንደሚቆም ነው። ወሰን የሌለው ማሽን ሕልም እንጂ ማሽን አይደለም። ዋናዎቹ ሕጎቻችን ግን አራት ናቸው።

አንደኛ፣ መንደሩ ይቀድማል። ማንም ተጫዋች የማሽኑን ወረቀት ከመንካቱ በፊት ሁሉም አብረው የመንደሩን ወረቀት ይሞላሉ። ጉድጓዱ የት ነው? ወፍጮው የማን ነው? ማን ከማን ጋር ተጣልቷል? ቢያንስ 12 ሰው በስሙ ይጻፋል። ወረቀቱ ከማሽኑ ወረቀት ጋር እኩል ነው፤ አንድ ገጽ ለአንድ ገጽ።

ሁለተኛ፣ የትእዛዝ ወረቀት አለ። ከባድ መሣሪያ በተተኮሰ ቁጥር ሦስት መስመር ይሞላል፤ ማን አዘዘ፣ ማን ተኮሰ፣ እዚያ ማን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ የሚጻፈው የሰው ስም ብቻ ነው፤ የጋኔን ስም አይጻፍም። ሦስተኛው ላይ «አናውቅም» ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ዳይስ ይጣልና ከመንደሩ ወረቀት አንድ ስም ይወጣል። አለማወቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ያላወቀው ሰው አይደለም።

ሦስተኛ፣ ጋኔኑ አይነዳም፤ ይሸጣል። የተጫዋቹን እጅ በጭራሽ አይይዝም፤ ገጸ ባሕሪውን አይነጥቅም። የጨዋታ መሪው አንድ ተጨማሪ ቀይ ዳይስ ጠረጴዛው መሐል ያስቀምጣል፤ በቃ። የፈለገ እጁን ዘርግቶ ያነሣል። ለማንሣት ከመንደሩ ወረቀት አንድ ስም ለጋኔኑ ይሰጣል፤ የሰጠውም ማን እንደሆነ በገዛ እጁ ጽሑፍ ከስሙ ጎን ይጻፋል። ጋኔኑ ሲያስፈራ ጉልበተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ትዕግሥተኛ ነጋዴ ስለሆነ ነው።

አራተኛ፣ ሁለት መለኪያ አለ፤ መደንገጥና መልመድ። ጋኔን ያየ ይደነግጣል፤ ሰው የገደለ ይለምዳል። መደንገጥ የሞላበት ገጸ ባሕሪ ከማሽኑ ይወርዳል። መልመድ የሞላበት ግን አይወርድም፤ ይሾማል! ከዚያ በኋላ መስክ አይወጣም፤ ካምፕ ተቀምጦ «ማን አዘዘ» የሚለው መስመር ላይ ስሙ የሚጻፈው የሱ ነው። ጓደኞቹ የሱን ትእዛዝ ይዘው ይወጣሉ። ጋኔኑ በዚህ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም። ያስፈልገዋል ወይ?

ለሚቃወሙን

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ከበደ፤ ሰው ለመዝናናት ነው የሚመጣው» የሚል ነው። ሰው ለቅሶ የሚበዛበት ቴአትር ከፍሎ ይገባ የለ እንዴ? በ2007 ጄሰን ሞርኒንግስታር «ግሬይ ራንክስ» የተባለ ጨዋታ አወጣ። ተጫዋቾቹ በ1944 ዋርሶ ውስጥ በናዚዎች ላይ የተነሡ ወጣቶችን ይሆናሉ። አመፁ 63 ቀን ቆይቶ እንደተሸነፈ ሁሉም ሲጀምር ያውቃል። ሰው ግን ተቀምጦ ይጫወተዋል፤ በቀጣዩ ዓመትም ዲያና ጆንስ የተባለውን የዘርፉን ሽልማት አግኝቷል። ደስታ ማለት ማሸነፍ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ «ጦርነት ያየ ሰው በበዛበት ሀገር በጦርነት ትጫወታላችሁ?» ይህን ተቃውሞ እናከብረዋለን። ለዚህም ነው ሀገሩን ምናባዊ ያደረግነው፤ የየትኛውም ብሔር፣ የየትኛውም ክልል ስም ጠረጴዛው ላይ አይወጣም። ሮን ኤድዋርድስ በ2003 «መስመርና መጋረጃ» ያለውን ልማድም ወስደናል። ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሰው ጨዋታው ውስጥ በጭራሽ እንዳይገባ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ያ መስመር ነው። ቢገባም በዝርዝር እንዳይተረክ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ያ መጋረጃ ነው። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ግን ጥያቄውን ለጠያቂዎቹ መልሰን እንጠይቅ። ስልካችን ላይ በየቀኑ የምንገድልባቸው ጨዋታዎች ይህን ጥያቄ ለምን አይጠየቁም? መንደር የሌለበት ጦርነት ነውር አይደለም፤ መንደር ያለበት ሲሆን ነው ነውር የሚሆነው? እኛስ ተቃራኒው ይመስለናል።

ሦስተኛው «ሰይጣን የለም ልትሉ ነው?» የሚል ነው። ኧረ አላልንም! አማኝም ከመካከላችን አለ፣ ተጠራጣሪም አለ። ግን በእምነቱም ቢሆን መፈተን ነጻ መውጣት አይደለም። አዳም ጣቱን ወደ ሔዋን ቀሰረ፣ ሔዋን ወደ እባቡ ቀሰረች። ሁለቱም ወጡ። እባቡ መኖሩን የካደ የለም፤ ሰበብነቱ ነው ያልተቀበለው።

እና ምን ይሁን?

ጨዋታ ለምትሠሩ፣ ልትሠሩ ለምታስቡ፣ ስልክ ላይም ይሁን ወረቀት ላይ፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ጋኔናችሁን አስገቡት። ቀንዱን አሳድጉት፣ ዓይኑን አቅሉት፣ ሌሊት እንዳንተኛ አድርጉን። ማሽናችሁንም አሳምሩት። ግን ገጸ ባሕሪያችሁ እጁን ሲዘረጋ የራሱ እጅ ይሁን። ትእዛዝ ሲሰጥ ሰጪው ስም ይኑረው። ቤት ሲፈርስ ባለቤቱ አስቀድሞ የተጻፈ ሰው ይሁን።

ለምን እንጨቃጨቃለን? እኛ ትውልድ ጦርነትን ባብዛኛው የተማርነው ከስክሪን ነው፤ ከፊልም፣ ከጌም፣ ከፌስቡክ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ የምንፈልግበትን ዓይንም ከዚያው ነው የተማርነው። «ጭራቆች ናቸው» ማለትን ከፊልም ለምደን፣ ነገ ስለ ጎረቤታችን ስንለው ምላሳችንን አያደናቅፈውም። ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰዓት ተቀምጦ «ማን አዘዘ?» የሚለውን መስመር መሙላት የለመደ ሰው ግን፣ ዜና ሲሰማ ያንኑ ጥያቄ ሳይጠይቅ ቻናል አይቀይርም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ተስፋችን ትንሽ ነው፤ ጨዋታውም ትንሽ ነው።

ሰይጣንም በበኩሉ ቢያንስ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ባልሠራው ሥራ ከመከሰስ ይረፍ።